«ትንሽ ነው፣ ቻል ያድርጉት»፦ የአጥንት መርፌ ሕመም ታሪክ

አጥንትን ለሚያሳሳው በሽታ፣ ሐኪሞች ኦስቲዮፖሮሲስ ለሚሉት፣ ዛሬ ከሚታዘዙት ጠንካራ መድኃኒቶች አብዛኞቹ የሚሰጡት በመርፌ ነው። ቴሪፓራታይድ የሚባለው በየቀኑ ይወጋል፤ ሕክምናው እስከ ሁለት ዓመት ይዘልቃል። ዴኖሱማብ በየስድስት ወሩ ነው። ሮሞሶዙማብ ለአንድ ዓመት በየወሩ ይሰጣል፤ የአንዱ ቀን መጠን በሁለት ስሪንጅ ተከፍሎ ስለሚመጣ ግን ታካሚዋ በአንድ ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ትወጋለች። ዞሌድሮኒክ አሲድ በዓመት አንዴ በደም ሥር ይንጠባጠባል። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስዱት በብዛት ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ናቸው፤ ቆዳቸው የሳሳ፣ ደም ሥራቸው በቀላሉ የማይገኝ፣ ብዙዎቹም በአከርካሪ ስብራት ሕመም ቀድሞውኑ የደከሙ። መርፌው አመመኝ ሲሉ ከነርስም ከልጅም የሚያገኙት መልስ አንድ ነው፦ «ትንሽ ነው፣ ቻል ያድርጉት»። ቃሉ በፍቅር የሚነገር ነው። የመርፌን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ለመረመረ ሰው ግን ማስረጃ የሌለው ምክር ነው። ባለፉት 180 ዓመታት የመርፌ ሕመም በእጅጉ ቀንሷል፤ ለመቀነሱ ምክንያቱ ግን የታካሚዎች ቻይነት አይደለም። በየዘመኑ አንድ ሰው ተነሥቶ የሚያመው የቱ እንደሆነ፣ ብረቱ ይሁን ፈሳሹ፣ የመርፌው ብዛት ይሁን ፍርሃቱ፣ ለይቶ ስለጠየቀና ለእያንዳንዱ የየራሱን መፍትሔ ስለፈለገ ነው። ያ ጥያቄ በተጠየቀበት ቦታ ሁሉ ሕመሙ ቀንሷል፤ ባልተጠየቀበት ቦታ ደግሞ ታካሚው ሕክምናውን ትቶ ሄዷል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መርፌ ሲጀመር የተፈለገው ሕመምን ለማስታገስ ነበር። በጁን 1844 በደብሊን ከተማ፣ ሚዝ በተባለው ሆስፒታል፣ ፍራንሲስ ሪንድ ወደሚባል ቀዶ ሐኪም አንዲት የ59 ዓመት ሴት ቀረበች። የፊቷ ነርቭ ክፉኛ ያሠቃያት ነበር፤ ሞርፊን በአፏ ብትወስድም አልተሻላትም። ሪንድ ሞርፊኑን በጥብጦ፣ ለዚሁ ባዘጋጀው መሣሪያ አራት ቦታ ወግቶ፣ መድኃኒቱን በነርቮቹ አካባቢ ከቆዳዋ ሥር አፈሰሰው። መሣሪያው የዛሬው ስሪንጅ ያለው መግፊያ አልነበረውም፤ ፈሳሹ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነበር። ሕመሙ ወዲያው ለቀቃት፣ እንቅልፍም ወሰዳት። ሪንድ ይህን በሚቀጥለው ዓመት አሳተመ። በ1853 አሌክሳንደር ዉድ በኤዲንብራ፣ ሻርል ፕራቫ ደግሞ በፈረንሳይ አገር በሊዮን፣ ለየብቻቸው በስሪንጅ መሥራት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት መርፌ ከሁሉም በላይ የሞርፊን መስጫ ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው የውሉን ዓይነት ነው። ሞርፊን የሚወጋ ሰው የመርፌዋን ሕመም በደቂቃዎች ውስጥ በሚመጣ እፎይታ ይካሳል፤ ስለዚህ መወጋቱ ራሱ ያማል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ብዙም አላስፈለገም። ሕክምናው ይህን ልማድ ይዞ ያደገ ይመስለኛል። የአጥንት ታካሚ ውል ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ሕመሟ ዛሬ ነው፣ ካሳዋ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ካሳውም ቢሆን ሳይመጣ የቀረ ስብራት ነው፤ ያልተሰበረ አጥንት ደግሞ ለማንም አይሰማውም። በዚህች ሴት ላይ የሞርፊንን ዘመን ልማድ መጫን የማይሠራው ከመነሻው ነው።

ከብረቱ ሌላ ፈሳሹም እንደሚያም በጉልህ የታየው በኢንሱሊን ታሪክ ነው። በጃንዋሪ 11 ቀን 1922 በቶሮንቶ ከተማ፣ የስኳር በሽታ ለሞት ያቀረበው አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከበሬ ቆሽት የተጨመቀ ፈሳሽ ተወጋ። ፈሳሹ ቡናማና ድፍርስ ነበር፤ በሁለቱም መቀመጫዎቹ ነበር የተወጋው። የደሙ ስኳር ጥቂት ወረደ፣ ግን የተወጋበት አንዱ ቦታ አብጦ ቋጠረ። ውጤቱ አጥጋቢ ስላልነበረ ሙከራው ቆመ። ጄምስ ኮሊፕ የሚባል ባዮኬሚስት ፈሳሹን ከባዕድ ነገር የሚያጠራበትን ዘዴ በጥቂት ቀናት ውስጥ አገኘ፤ በጃንዋሪ 23 ልጁ የተጣራውን ሲወጋ ስኳሩ በእርግጥ ወረደ፣ የጎላ ጉዳትም አልታየበትም። ያበጠውን ልጅ ያዳነው የኬሚስቱ ማጥሪያ ነው። ይህ ሰው ለአጥንት ታሪክም ባለውለታ ነው። ኮሊፕ ወደ አልበርታ ተመልሶ በ1925 ከከብት አንገት ከሚገኙት ፓራታይሮይድ የተባሉ ጥቃቅን እጢዎች ሆርሞን አወጣ፤ በዚያው ዘመን አዶልፍ ሃንሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪምም ለብቻው ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ ነበር። ሆርሞኑ የደምን ካልሲየም ከፍ ያደርጋል። ኢንሱሊንን በገፍ ያመረተው ኢላይ ሊሊ የተባለው ኩባንያ ይህንንም ይሸጥ ጀመር። ዛሬ በየቀኑ የሚወጋው ቴሪፓራታይድ የዚህ ሆርሞን ቁራጭ ነው፤ በ2002 ለገበያ ያቀረበውም ያው ኩባንያ ነው።

ኢንሱሊን ያመጣው ትልቁ ለውጥ ግን መርፌን ከሆስፒታል ወደ ቤት ማስገባቱ ነው። ከ1922 በፊት ራሱን በየቀኑ የሚወጋ ተራ ሰው ብዙ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እናቶች ልጆቻቸውን፣ ባሎች ሚስቶቻቸውን፣ ታካሚዎችም ራሳቸውን መውጋት ተማሩ። በቦስተን ኤሊየት ጆስሊን የሚባል ሐኪም ለታካሚዎች መመሪያ መጽሐፍ ጻፈ፤ ነርሶቹም ሙያውን ለታካሚው ያስተምሩ ነበር። የዚያን ጊዜው ዕቃ ምን ይመስል እንደነበር ማየት ይጠቅማል። ስሪንጁ ብርጭቆ ነው፤ በየጊዜው በድስት ውኃ ይቀቀላል። መርፌው ወፍራም ብረት ነው፣ አይጣልም፤ ሲደንዝ በሞረድ ድንጋይ ይሳላል። ጫፉ ተጣሞ እንደሆነ ለማወቅ ጥጥ ላይ ይሞከራል፤ ጥጡን ይዞ ከመጣ ገና አልተሳለም ማለት ነው። ሕመምን መቀነስ እንግዲህ በድንጋይና በጥጥ የሚሠራ የቤት ሙያ ነበር፤ ሙያው ያልገባው ሰው በየቀኑ በደነዘ ብረት ይቀደዳል። በ1936 ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ሃገዶርን ኢንሱሊንን ከፕሮታሚን ጋር አዋህዶ ቀስ ብሎ የሚሠራ አደረገው፤ በዚህ የመርፌው ቁጥር ቀነሰ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ አንዴ ተወግተውበት የሚጣል ስሪንጅ መጣ። በ1985 ኖቮ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ እስክሪብቶ የሚመስል መወጊያ አወጣ፤ ሰዎች ፔን የሚሉት ነው። የፔኑ መርፌ ከዚያ ወዲህ እየቀጠነና እያጠረ ሄዶ በ2010 ገደማ 4 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 0.23 ሚሊ ሜትር ውፍረት ደረሰ። ይህ ሁሉ የተገነባው ለስኳር ሕሙማን ነው፤ የአጥንት ታካሚዎች ተሠርቶ ያለቀ ቤት ነው የወረሱት።

አጥንት የሳሳባቸው ሰዎች የራሳቸውን መርፌ ያገኙት በካልሲቶኒን ነው። ይህን ሆርሞን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው በቫንኩቨር የሚሠራው ሃሮልድ ኮፕ ነው። ሳልሞን ከተባለው ዓሣ የሚገኘው ዓይነት ከሰው ሆርሞን ይልቅ ብርቱ ሆኖ ስለተገኘ መድኃኒት ሆነ፤ በ1984 በአሜሪካ ለአጥንት መሳሳት ተፈቀደ። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ የሚወጋ ሆኖ ማቅለሽለሽና ፊትን ማጋል ያስከትል ነበር፤ የተወጋው ቦታም ይቀላል፣ ያሳክካል። ሐኪሞች መርፌው ማታ ከመኝታ በፊት ቢሆን ማቅለሽለሹ እንደሚቀል አስተዋሉ። በ1995 ደግሞ መርፌ የማያስፈልገው፣ በአፍንጫ የሚነፋ ዓይነት መጣ። እስካሁን ያልኩትን የሚቃወም ሰው የሚይዘው ጥሩ ማስረጃ ይህ ነው። በአፍንጫ የሚነፋው ካልሲቶኒን አያምም፤ ግን ደካማ ነበር። በ2000 የታተመው ትልቅ ጥናት በአንዱ መጠን ብቻ የአከርካሪ ስብራትን በሲሶ ያህል መቀነሱን አሳየ፤ ከፍ ባለው መጠን ያ ውጤት አልታየም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተሳታፊዎችም ጥናቱን ሳይጨርሱ ወጡ። በ2012 የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ካንሰርን በጥቂቱ እንደሚጨምር ገልጾ ለአጥንት መሳሳት እንዳይሰጥ አሳሰበ። የማያም ሁሉ ይሻላል የሚል ሰው ስለዚህ ተሳስቷል፤ እኔም እንዲህ አልልም። የምለው ሕመምን መቀነስና መድኃኒቱን ማዳከም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። ኮሊፕ ኢንሱሊኑን ሲያጠራው ሕመሙም ቀነሰ፣ ኃይሉም ጨመረ።

ከሁሉ የሚከብደው የቴሪፓራታይድ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም የመርፌው ብዛት ሊቀነስ አልቻለም። የፓራታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ አጥንትን እንደሚበላ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። በ1929 ግን በቦስተን ባወር፣ ኦብና ኦልብራይት፣ በ1932 ደግሞ ሃንስ ሴልዬ፣ በእንስሳት ላይ በመጠን ሲሰጥ አጥንትን ሊገነባ እንደሚችል አሳዩ። ይህ ግኝት ለአርባ ዓመት ያህል ተኛ። በ1970ዎቹ የሆርሞኑን የመጀመሪያ 34 አሚኖ አሲዶች በላቦራቶሪ መሥራት ሲቻል ነቃ፤ በ1980 በ21 ታካሚዎች ላይ በየቀኑ እየተወጋ የተደረገ ጥናት ውጤት ታተመ። በ2001 የታተመው ወሳኙ ጥናት ደግሞ አከርካሪያቸው ተሰብሮ የሚያውቅ 1,637 ያረጡ ሴቶችን ያካተተ ነበር፤ ማስመሰያ ከተወጉት 14 በመቶው አዲስ የአከርካሪ ስብራት ሲደርስባቸው፣ 20 ማይክሮግራም ከተወጉት የደረሰባቸው 5 በመቶው ብቻ ናቸው። በየቀኑ መወጋቱ የፋብሪካ ስንፍና አይደለም። ሆርሞኑ ቀኑን ሙሉ በደም ውስጥ ከቆየ አጥንትን ያፈርሳል፤ ለአጭር ጊዜ ከፍ ብሎ ሲወርድ ግን አጥንት ሠሪ ሕዋሳትን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ እንደ ሃገዶርን አድርጎ ማዘግየት ሕክምናውን ማጥፋት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚወጋ ሰው 700 ጊዜ ያህል ቆዳውን ይበሳል። እዚህ ላይ ብቸኛው መንገድ እያንዳንዷን መርፌ ማቅለል ነው፦ ለእያንዳንዱ ቀን አዲስ ቀጭን መርፌ፣ ጭንና ሆድን ማፈራረቅ፣ አልኮሉ እስኪደርቅ መጠበቅ፤ ያልደረቀ አልኮል ከመርፌው ጋር ሲገባ ያቃጥላልና። እያንዳንዱ መድኃኒትም የራሱ ጠባይ አለው። ዴኖሱማብና ሮሞሶዙማብ ከማቀዝቀዣ ወጥተው ለግማሽ ሰዓት ያህል በክፍሉ ሙቀት ቢቆዩ ሲገቡ ይለዝባሉ፤ ቴሪፓራታይድ ግን ውጭ መቆየት የለበትም፣ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ይወጋል። ይህን ለታካሚዋ የሚነግራት ሰው ከሌለ «ቻል ያድርጉት» የሚለው ቃል የዕውቀትን ቦታ ይይዛል።

ከመርፌ ለመሸሽ የተደረገው ትልቁ ሙከራ በ1995 የተፈቀደው አሌንድሮኔት የተባለው ክኒን ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ እስከ ዛሬም በዓለም ላይ በብዛት ይታዘዛል። ግን በባዶ ሆድ፣ በብዙ ውኃ ይዋጣል፤ ከተዋጠ በኋላ ለግማሽ ሰዓት መተኛትም መብላትም አይቻልም፤ ካልተጠነቀቁ ጉሮሮንና ጨጓራን ያቃጥላል። በ2000 በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ሆኖ ቢሻሻልም ብዙ ሴቶች ዓመት ሳይሞላቸው ይተዉት ነበር። ሐኪሞች ወደ መርፌ የተመለሱት በዚህ ምክንያት ነው፤ በየቀኑ ከሚረሳ ክኒን በዓመት አንዴ የሚወጋ መድኃኒት ይሻላል በሚል ስሌት። ስሌቱ ትክክል ነበር። በ2007 የታተመው የዞሌድሮኒክ አሲድ ጥናት 7,765 ሴቶችን አካቶ የአከርካሪ ስብራትን በ70 በመቶ፣ የዳሌ ስብራትን በ41 በመቶ ቀነሰ። ነገር ግን አዲስ ዓይነት ሕመም አብሮ መጣ፤ ይኸኛው ከመርፌው በኋላ የሚመጣ ነው። ከመጀመሪያው ጊዜ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ 31.6 በመቶ የሚሆኑት ታካሚዎች ትኩሳት፣ ቁርጥማት ወይም ራስ ምታት ያዛቸው፤ ማስመሰያ ከወሰዱት ይህ የደረሰባቸው 6.2 በመቶ ናቸው። በሁለተኛው ዓመት ቁጥሩ ወደ 6.6፣ በሦስተኛው ወደ 2.8 በመቶ ወረደ። ምክንያቱም ታውቋል፤ መድኃኒቱ አንዳንድ የመከላከያ ሕዋሳትን ስለሚቀሰቅስ ነው። ፓራሲታሞል አስቀድሞ መውሰድና ውኃ በደንብ መጠጣት ሕመሙን ያለዝበዋል። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ የቁጥሮቹ አወራረድ ነው። ይህን የማታውቅ ሴት የመጀመሪያዋ ሌሊት ላይ ስትንቀጠቀጥ መድኃኒቱ አልተስማማኝም ብላ ትደመድማለች፤ በሚቀጥለው ዓመት አትመጣም። የምታውቀው ሴት ግን ያለፈው ክፉው እንደሆነ፣ የሚመጣው ቀላል እንደሚሆን ገምታ ትመለሳለች። አስቀድሞ መናገር ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው፤ ዋጋውም ሁለት ደቂቃ ነው።

ስለ ፍርሃትና ስለ ራስ መሳትም ታሪኩ ይኸው ነው። መርፌ ወይም ደም ሲያዩ ራሳቸውን የሚስቱ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ፈሪ ሲባሉ ኖረዋል። የሥነ ልቦና ሊቃውንት ግን ይህ ከሌላው ፍርሃት የተለየ መሆኑን ደረሱበት፤ በሌላ ፍርሃት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ በዚህኛው ግን ጥቂት ጨምሮ ድንገት ይወድቃል። ስዊድናዊው ላርስ ጎራን ኧስትና ባልደረባው በ1987 ባሳተሙት ዘዴ ታካሚው የክንዱን፣ የደረቱንና የእግሩን ጡንቻ ለ10 እስከ 15 ሰከንድ አጥብቆ ይወጥራል፣ ለ20 እስከ 30 ሰከንድ ያላላል፣ ይህንንም ይደጋግማል፤ ግፊቱ ከፍ ስለሚል ራሱን አይስትም። የሚወጋው ክንድ ግን መላላት አለበት። ይህ ዘዴ ለማንም ቢሆን ይጠቅማል፤ አጥንቷ ለሳሳ ሴት ግን የሞትና የሕይወት ያህል ነው። ሌላ ሰው ራሱን ስቶ ቢወድቅ ግንባሩ ያብጣል፤ እሷ ከወደቀች ዳሌዋ ሊሰበር ይችላል። ቴሪፓራታይድ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ መርፌዎች ላይ አንዳንዶችን ሲቆሙ ያዞራል፤ ስለዚህ ሲጀመር መቀመጫ ወይም አልጋ ባለበት ቦታ መወጋት እንዳለበት የመድኃኒቱ መመሪያ ራሱ ያዝዛል። ፍርሃትን ችላ የሚል የአጥንት ሕክምና ሊከላከለው የተነሣውን ስብራት በገዛ እጁ ሊጠራ ይችላል።

ሕመምን የማለዘብ ሳይንስም መልክ ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት በአከርካሪ ውስጥ ባለ በር ላይ ሊገታ እንደሚችል፣ ንክኪና ጫናም ያን በር እንደሚዘጉ ጻፉ። የዝርዝሩ አንዳንድ ነጥብ ኋላ ቢታረምም፣ ከመወጋት በፊት ቦታውን በጣት ተጭኖ መያዝ፣ በረዶ ማስነካት፣ አጠገቡን ማንቀጥቀጥ የሚሉት ዘዴዎች ምክንያታቸውን ያገኙት ከዚያ ነው። በ1980ዎቹ ቆዳን የሚያደነዝዝ ቅባት መጣ። በአገራችን ብዙ ወጣቶች የልብ በሽታ እንዳይባባስባቸው በየወሩ የሚወጉት ቤንዛቲን ፔኒሲሊንም ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው፤ ወፍራም ፈሳሽ ሆኖ ጡንቻ ውስጥ ስለሚገባ ከመርፌ ሁሉ ከሚያሙት አንዱ ነው፤ ሊዶካይን በተባለው ማደንዘዣ ሲበጠበጥ ግን ኃይሉ ሳይቀንስ ሕመሙ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል።

ለዚህ ክርክር ከሚቀርቡት ተቃውሞዎች አንዱ ሕዝባዊ ነው፤ መርፌ ካላመመ አይሠራም የሚለው። ክኒን ብቻ ጽፈው ሰደዱኝ የሚል ቅሬታ በእኛ አገር የተለመደ ነው። እምነቱ ከባዶ አልመጣም። ከ1952 እስከ 1964 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ46 አገሮች ያውስ የሚባለውን የቆዳና የአጥንት በሽታ በፔኒሲሊን መርፌ ሲዋጉ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ታክሟል፤ በአንድ መርፌ ቁስሉ ሲደርቅ ያየ ሕዝብ ሕመሙንና ፈውሱን አንድ አድርጎ ቢቆጥር አይፈረድበትም። ግን የመርፌው ክብር መዘዝ አምጥቷል። በግብፅ ቢልሃርዚያን ለማጥፋት ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ የተካሄደው የመርፌ ዘመቻ በደንብ ባልተቀቀሉ ስሪንጆች ሄፓታይተስ ሲን አስፋፍቷል። ሕመም የመድኃኒት ኃይል ማስረጃ ሆኖ አያውቅም፤ ከቶሮንቶው ልጅ ታሪክ የምንማረው ተቃራኒውን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሐኪሞች የሚመጣ ሲሆን ክብደት አለው፦ የመርፌ ሕመም ሴኮንዶች ነው፣ የዳሌ ስብራት ግን ሰውን አልጋ ላይ ያስቀራል፤ ታዲያ ስለ ትንሹ ለምን ይወራል? ንጽጽሩ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን አይከተልም። ትንሹ ሕመም ወደ ትልቁ የሚያደርስ በር ነውና። ዴኖሱማብን እንውሰድ። በ2009 የታተመው ጥናት 7,868 ሴቶችን አካቶ የአከርካሪ ስብራትን በ68 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ መድኃኒት ግን ሲቋረጥ የተገነባው አጥንት በፍጥነት ይፈርሳል፤ አንዳንዶቹም በወራት ውስጥ ብዙ የአከርካሪ አጥንት በአንድ ላይ ይሰበርባቸዋል። መርፌውን ጠልታ የስድስት ወር ቀጠሮዋን ያሳለፈች ሴት የፈራችው ሴኮንድ ነበር፤ የሚጠብቃት ግን ይኸው ስብራት ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ። ዴኖሱማብ የደምን ካልሲየም ሊያወርድ ይችላል፤ በ2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ኩላሊታቸው በጣም የተዳከመ ሰዎችን በተመለከተ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አያይዞበታል። የካልሲየም መውረድ ምልክቶቹ የከንፈርና የጣት መደንዘዝ፣ የጡንቻ መኮማተር ናቸው። ዝም በይ፣ ቻይው የተባለች ሴት እነዚህንም የመርፌ ሕመም ናቸው ብላ ትደብቃለች።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይህ የሀብታም አገር ወሬ ነው ይላል። መድኃኒቱ ራሱ ለብዙ ሰው የማይቀመስ ዋጋ እንዳለው አልክድም። ሕመሙን ከሚያለዝቡት ነገሮች ግን አብዛኞቹ ነጻ ናቸው፤ አልኮሉ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ቦታ መለዋወጥ፣ የሚሞቀውን ማሞቅ፣ አስቀምጦ ወይም አስተኝቶ መውጋት፣ የሚመጣውን አስቀድሞ መናገር። የ1920ዎቹ የስኳር ሕሙማን መርፌያቸውን የሳሉት በድንጋይ ነበር። ስለ ሕመም ማውራት ፍርሃትን ያባብሳል ለሚሉም መልሱ ከዞሌድሮኒክ አሲዱ ቁጥር አይርቅም፤ ሰውን የሚያባርረው ያልተነገረው ሕመም ነው።

እናታችሁን ወይም አያታችሁን ይዛችሁ ለአጥንት መርፌ የምትሄዱ፣ በተለይም በባዕድ አገር በሐኪሙና በእሳቸው መካከል የምታስተረጉሙ ልጆች፣ «ያማል» ያሉትን «ምንም አይሉም» ብላችሁ አታሳጥሩት። የት እንደሚያማቸው፣ መቼ እንደሚጀምር፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠይቃችሁ እንዳለ ተናገሩላቸው፤ ራሳቸውን ስተው የሚያውቁ ከሆነ ገና ሳይወጉ ንገሩ። መድኃኒቱ ዴኖሱማብ ከሆነ ደግሞ የሚቀጥለው ስድስት ወር የሚሞላበትን ቀን ከክሊኒኩ ሳትወጡ አስጽፉ፤ ማቆም ቢፈልጉም ሌላ መድኃኒት ሳይተካላቸው እንዳያቆሙ ሐኪሙን አማክሩ።